የ16 ዓመቷን ልጅ ስለ ፍቅር ማን ይምከራት?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ሐዋሳ የምትኖር የ16 ዓመት ተማሪ የወንድ ጓደኛ መያዟን ለአክስቷ ብቻ ነግራለች። አክስቷ ምስጢሩን ጠብቃ ትምከራት ወይስ ለእናቷ ትንገር?

አንዲት አክስት፦ ትምከራት እላለሁ። ልጅ ለእናቷ ያልደፈረችውን ለአክስቷ የምትናገረው እናቷን ንቃ ሳይሆን ቁጣዋን ፈርታ ስለሆነ፣ እኛም ከተቆጣናት የምትሄደው ከእሷ የባሰ ወደማያውቁ እኩዮቿ ነው። ምክር ስል ግን «ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ» ብሎ መሸኘት አይደለም፤ ይህንንማ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ልጁ የክፍሏ ተማሪ ነው ወይስ ባጃጅ የሚነዳ ጎልማሳ? ብር ይልክላታል? ስልኳን ተቀብሎ መልእክቷን ያነባል? ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ፣ ከሰው መሀል ተቀምጦ ማውራት አንድ ነገር ነው፤ «አልጋ ይዣለሁ፣ ነይ» መባል ግን ሌላ ነው። ራቁት ፎቶ ላኪልኝ ካላትም እምቢ ትበል፤ ከኮረፈ ይኩረፍ።

አንድ አባት፦ እኅቴ፣ ጥያቄዎችዎ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን ልጅቷ ብታረግዝ ወይም ትምህርቷን ብታቋርጥ የሚጠየቀው ወላጅ ሆኖ ሳለ፣ በገዛ ቤቱ የሚሆነውን የመጨረሻ ሰሚ ማድረግ እንዴት ምክር ይባላል?

አክስት፦ ወንድሜ፣ እኔም ወሰን አለኝ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ደንግጓል፤ «ፈቅዳ ነው» ማለትም አያድነውም። ስለዚህ ሰውየው ጎልማሳ ከሆነ፣ ወይም ካስፈራራት፣ የዚያኑ ዕለት ለእናቷ እናገራለሁ፤ እንደምናገርም ከመጀመሪያው ለልጅቷ አሳውቃታለሁ። አብሯት የሚያጠና እኩያዋ ከሆነና ነገሩ ከወሬ ካላለፈ ግን እናቷ ዘንድ ሮጬ የምሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

አባት፦ አስቀድመው ማሳወቅዎን እቀበላለሁ። ሆኖም ልጅቷ ራሷ ለእናቷ የምትናገርበት ቀን ይቆረጥላት፤ ያለበለዚያ ምስጢሩ ዓመት ይከርማል።

አክስት፦ ቀን ከተቆረጠባት ከዚያ ወዲያ ለእኔም አትነግረኝም። ይልቅ እናቷ ሳትቆጣ እንድትሰማት ማለዘቡን ለእኔ ይተዉልኝ።