ከቤት ኤስፕሬሶ ማሽኔ የሚወርደው ቡና ቀጭንና ኮምጣጣ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

የሲኤምሲዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ለቤቴ ትንሽ የኤስፕሬሶ ማሽን ገዛሁ። 15 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) የሚል ተጽፎበታል፣ የቡና ወንፊቱ 51 ሚሊ ሜትር ነው። ቡናውን ራሴ በብረት ምጣድ ቆልቼ ቢላ ባላት የኤሌክትሪክ መፍጫ ነው የምፈጨው፤ አብዛኛውን ጊዜ የታጠበ ይርጋ ጨፌ ነው። ቁልፉን ስጫነው አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ሲኒው ይሞላል፤ ቡናው ቀጭንና ኮምጣጣ ነው፣ ክሬማውም (ላዩ ላይ የሚሆነው አረፋ) ወዲያው ይጠፋል። በጣም አድቅቄ ስፈጨው ደግሞ ጠብ አይልም። ያለ ቡና ውሃ ብቻ ስለቅበት ይንፈቀፈቃል፣ እንፋሎት ይተፋል። ይኸው ቡና በጀበና ሲፈላ ግን ግሩም ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን? አሜሪካ ያለው ወንድሜ የኤሌክትሪክ መፍጫ ልላክልሽ እያለኝ ነው፤ ልቀበለው?

ከባር ጀርባ
እህቴ፣ ማሽንሽን ተዪው፣ መፍጫሽን እንይ። ቢላ ያለው መፍጫ ቡናን እኩል አይፈጭም፤ ይከታትፈዋል። ከፊሉ ዱቄት ይሆናል፣ ከፊሉ ሻካራ ይቀራል። ጀበና ይህን ይችለዋል፤ ቡናው ከውሃው ጋር ፈልቶ፣ ጊዜ አግኝቶ፣ አተላው ዘቅጦ ነው የሚቀዳው። ኤስፕሬሶ ግን ያለው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ነው። ውሃው በግፊት ሲመጣ ሻካራው ባለበት በኩል ቀዳዳ አበጅቶ ያመልጣል፣ የቀረውን ቡና ሳይነካው ያልፋል። ኮምጣጣነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ከቡናው ውስጥ ጣፋጩና ወፍራሙ ነገር ሳይወጣ ኮምጣጣው ቀድሞ ስለወጣ። አድቅቀሽ ስትፈጪው ደግሞ ዱቄቱ በዝቶ መንገዱን ሁሉ ይዘጋዋል። ስለዚህ መፍትሔው የበለጠ ማድቀቅም የበለጠ ማሻከርም አይደለም፤ እኩል መፍጨት ነው። ለዚህ ደግሞ ጥርስ ያለው፣ ልኩ በጥቂት በጥቂቱ የሚስተካከል መፍጫ ያስፈልጋል።

እኔ ብሆን ከማሽኑ ይልቅ ለመፍጫው ነበር ገንዘቤን የማወጣው። በተራ ማሽንና በጥሩ መፍጫ ደህና ኤስፕሬሶ ሠርቻለሁ፤ በውድ ማሽንና በመጥፎ መፍጫ የተሳካለት ሰው ግን አላየሁም።

የጀበና ወዳጅ
መፍጫ እስኪገኝ በሙቀጫ ወቅጣ በወንፊት ብትነፋውስ? እናቶቻችን በዘነዘና እኩል አድርገው ሲወቅጡ አይተናል። ደግሞ ከማሽኑ ጋር የመጣውን ወንፊት ገልብጠሽ እዪው። ከታች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለችው እኮ ተፈጭቶ ለሚሸጥ ቡና ተብሎ የተሠራ ነው፣ ግፊቱን ራሱ ይፈጥራል።

ከባር ጀርባ
ስለ ወንፊቱ ልክ ነህ ወንድሜ፣ እኔ ዘልዬው ነበር። ባለ አንድ ቀዳዳው ድርብ ግድግዳ አለው፤ አፈጫጩ ባይስተካከልም አረፋ ያወጣል። አረፋው ግን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ የተፈጠረ ስለሆነ ስለ ቡናው ጥራት ምንም አይነግርሽም። ለጊዜው እሱን ተጠቀሚ። ታችኛው ፊቱ በደቃቅ ቀዳዳዎች የተሞላው ወንፊት የሚያስፈልግሽ ጥሩ መፍጫ ስታገኚ ነው። በሙቀጫው አልስማማም። ወቅጠሽ ስትነፊው ሻካራው ይወጣልሽ ይሆናል፣ የቀረው ግን ልሙ ዱቄት ነው፤ ያው ጠብ አይልም።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከወንድምሽ አገር ስለሆንኩ ስለሚላከው መፍጫ ልናገር። እዚህ መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ አዲስ አበባ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። የሶኬት መቀየሪያዋ የሰኩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አትለውጥም፤ በቀጥታ ከሰካሽው ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድልሻል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፤ አንዳንድ ሞተር በ50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። ስለዚህ «የኤሌክትሪኩን ተውና የእጅ መፍጫ ላክልኝ» በዪው። የብረት ጥርስ ያለው፣ ልኩ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚዞር ይሁን። ለኤስፕሬሶ እንደሚሆን ሲገዛ ያረጋግጥ፤ ለሌላ ዓይነት አፈላል ብቻ የተሠሩ አሉ፣ የአንዱና የሌላው ቀጭታ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ልኩን አታገኚውም። ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ መብራት ቢጠፋም ይፈጫል። ለአንድ ሰው የሚሆን ቡና ከደቂቃ ብዙም ሳይርቅ ይፈጫል፤ እንግዳ ሲበዛ ግን ክንድ ይጠይቃል።

ጠጋኙ
ማሽን ነው የምጠግነው። ውሃው ይተፋል ላልሽው አትስጊ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማሽኑ ደግሞ ውሃውን ወደ 93 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያሞቀዋል። በቡናው ውስጥ ሲያልፍ ግፊት ስላለበት ውሃ ሆኖ ይቆያል፤ ባዶውን ስትለቂው ግን አየር እንዳገኘ ከፊሉ እንፋሎት ይሆናል። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግርሽም። ቡናሽ ሻካራ ሲሆንም ግፊቱ አይጠራቀምም፣ ስለዚህ ከቡናው ጋርም ይተፋል።

15 ባር የሚለውም አያሳስብሽ። ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ኤስፕሬሶ የሚፈልገው 9 ባር ገደማ ነው፣ እሱንም የሚያመጣው የቡናው አፈጫጭ ነው።

እባክሽ ሁለት ነገር አድርጊ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ንቀይው፣ ሲመለስም ትንሽ ቆይተሽ ሰኪው፤ ለጥገና ከሚመጡልኝ ብዙዎቹን የጎዳቸው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ነው። ሁለተኛው ውሃው ነው። የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ የግድብ ነው፣ የአቃቂው ከጉድጓድ ይወጣል፤ የትኛው እንደሚደርስሽ ሳትጨነቂ የማንቆርቆሪያሽን ውስጥ እዪ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ማሽንሽም ውስጥ እየጋገረ ነው። መመሪያው የሚፈቅደውን ማጽጃ ተጠቀሚ፤ ሲትሪክ አሲድ ከፈቀደ ለ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም ገደማ ይበቃል፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢ። ኮምጣጤ አልመክርም፣ ሽታው አይለቅም።

ምጣድ
ቆልተሽ በዕለቱ ነው የምትፈጪው? ለጀበና ደስ ይላል፣ የቡና ሥርዓታችንም እንደዚያው ነው። ለኤስፕሬሶ ግን ትኩስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስላመቀ ውሃውን ይገፋዋል፤ ክሬማው ብዙ መስሎ ወዲያው የሚጠፋብሽ አንድም በዚህ ነው። ቆልተሽ አቀዝቅዢው፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አድርጊና ሳምንት ያህል አሳርፊው። ሲቆላ እጅሽ ከማማሰል አይቦዝን፤ ምጣድ ላይ አንዱ ፍሬ ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራል፣ ጥሬው ደግሞ ጥሩ መፍጫም ቢኖርሽ ይኮመጥጣል። መንጣጣቱ ጋብ ካለ በኋላ ጥቂት ቆይተሽ አውጪው። ቅባቱ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ አትጠብቂ፣ የመፍጫውን ጥርስ ይለጥፈዋል።

የሲኤምሲዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! ወንድሜ የእጅ መፍጫውን ሊልክ ተስማማ። እስከዚያው ባለ አንድ ቀዳዳውን ወንፊት እጠቀማለሁ፣ የቆላሁትንም አሳርፌዋለሁ። መፍጫው ሲመጣ በምን ልጀምር? ስንት ግራም፣ ስንት ሰከንድ?

ከባር ጀርባ
ግማሽ ግራም እንኳ የሚለይ ትንሽ ሚዛን ግዢ፤ በማንኪያ መስፈር ያሳስታል። በ51 ሚሊ ሜትሩ ትልቅ ወንፊት 15 ግራም ደረቅ ቡና አድርጊ፣ ሲኒውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና 30 ግራም ሲወርድ አቁሚ። ቁልፉን ከተጫንሽበት ጀምሮ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ መውሰድ አለበት። ከ20 በታች ከሆነ አንድ ሁለት ቀጭ አድቅቂው፣ ከ40 ካለፈ አሻክሪው። ግራሙን አትንኪ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጥሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። ልኩን ስትቀይሪ አሮጌው ዱቄት ጥርሱ መሃል ስለሚቀር ጥቂት ፍሬ ፈጭተሽ ድፊ።

ከመጠቅጠቅሽ በፊት ጓሉን በቀጭን መርፌ በትኚው፣ ከዚያ እጅሽን ሳታዘሚ ቀጥ አድርገሽ ጠቅጥቂ። ጉልበት አያስፈልግም፣ መዝመሙ ነው የሚያበላሸው፤ ወደ ዘመመበት ጎን ውሃው ያደላል። ማሽኑንም ከነእጀታው አስቀድመሽ አሙቂው፣ ትንንሾቹ ማሽኖች «ዝግጁ ነኝ» ቢሉም ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ይርጋ ጨፌሽ። ከደጋ የመጣ የታጠበ ቡና ፍሬው ጠንካራ ነው፣ ኮምጣጣነቱም ተፈጥሮው ነው። ሰከንዱ ተስተካክሎም ምላስሽን ከወጋሽ 30 ግራሙን ወደ 37 ግራም ከፍ አድርጊው፤ ያኔ የሎሚ ጣዕሙ ወደ አበባ መዓዛ ይቀየራል። ለማኪያቶ ከሆነ ግን ያልታጠበ ጉጂ ወይም ሲዳማ ትንሽ ጠቆር አድርገሽ ቁዪ፣ ከወተት ጋር ጣዕሙ አይጠፋም።