የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ የአራት ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎችና የገጠር የውሃ ተቋማት (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪ (አካባቢ ጤና)
ውድ ባልደረቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ተማሪዎቻችን በትምህርታቸው ማኅበረሰቡን ለሚያገለግሉበት የጋራ ሥራ ከቀረቡት ጉዳዮች ድምፅ ያገኘው የገጠር ውሃ ስለሆነ ረቂቁን በእሱ ላይ ጽፌዋለሁ። 96 ተማሪ፣ 16 ቡድን፣ 8 ቀበሌ፣ 32 የውሃ ተቋም፤ አንድ ቡድን ሁለት ተቋም ይይዛል። በቡድኑ ከአካባቢ ጤና 2፣ ከውሃ ምሕንድስና 2፣ ከሕግ 1፣ ከአካውንቲንግ 1 ተማሪ ይኖራል። ባለ 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪ የሥራ ጫና መለኪያ) አዲስ ኮርስ እንዲሆን አስቤያለሁ፤ አንዱን በ27 ሰዓት ብናሰላው 135 ሰዓት ይመጣል። ሁለተኛውን ሴሚስተር የመረጥኩት መጋቢት ላይ ጉድጓዱና ምንጩ ስለሚመነምን፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ጎርፉ ስለሚገባ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ሴሚስተር እናያለን። በመግቢያው ላይ አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር እኩል የዩኒቨርሲቲ ተልዕኮ ማድረጉን ጠቅሻለሁ። አስተያየት እጠብቃለሁ።

አባል (ሥርዓተ ትምህርት)
ዶክተር፣ እርስዎ ያቀረቡት ሐሳብ ጥሩ ነው። "አዲስ ኮርስ" የሚለው ቃል ግን ሰነዱን ሴኔት ደጃፍ ላይ ያስቀረዋል። የአራቱም ክፍሎች ሥርዓተ ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ የተጣጣመ ነው፤ 5 ኢሲቲኤስ ለመጨመር ከሌላ ኮርስ መቀነስ ግድ ይላል። የትኛው ክፍል ፈቅዶ ይቀንሳል? ይልቅ በየክፍሉ ባለ ኮርስ ላይ እናስገባው። አካባቢ ጤና የመስክ ልምምድ አለው፣ ምሕንድስናው የውሃ አቅርቦት ኮርስ፣ ሕጉ ክሊኒክ (ተማሪው የሕግ ምክር በተግባር የሚለማመድበት)፣ አካውንቲንጉ የተግባር ፕሮጀክት። የጋራው ሥራ 60 ሰዓት ይሁን፤ መስክ 36፣ ዝግጅት 8፣ ማሰላሰያ (ያዩትን መለስ ብሎ ማሰብ) 8፣ የርክክብ ዝግጅት 8። ውጤቱም በየኮርሱ 40 ከመቶ ይያዝ። ከዚያ ካነሰ ተማሪው ፈተናውን ያጠናል እንጂ ጭቃ አይረግጥም።

ሌላው፣ ከተመራቂ ዓመት ተማሪ አንውሰድ። የመውጫ ፈተና በ2015 ለሁሉም የትምህርት መስክ ከተጀመረ ወዲህ የመጨረሻው ሴሚስተር ልብ ሁሉ እዚያው ነው።

አባል (ሕብረተሰብ ጤና)
ከኮርስ ውስጥ ይግባ የሚለውን እደግፋለሁ። በ1957 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር። ዲግሪ ለመያዝ ግዴታ ስለነበር ሰው አልጎደለበትም። አብዛኞቹ በአስተማሪነት አገለገሉ፤ ዓመቱ ግን ከሚማሩት ኮርስ ተለይቶ የቆመ ነበር። ጅማ በ1975 የጤና ሳይንስ ተቋም ሆኖ ሲመሠረት የያዘው መንገድ ሌላ ነው፤ መስኩ በየዓመቱ የትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ገባ። ጎንደርም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛው በ1947 ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና ሳኒቴሪያኑን በቡድን ነበር የሚያሠለጥነው። የአራት ክፍል ቡድን ለማዋቀር እንግዲህ ከባዶ አንጀምርም።

ረቂቁ ላይ የጎደለኝ የመጀመሪያው ቀን ነው። ተማሪዎቹ ቅጽ ይዘው ከአውቶቡስ እንደወረዱ መጠየቅ ከጀመሩ ሰው "ሊመዘገብ ነው፣ እርዳታ ሊመጣ ነው" ይላል፤ ልጁንም የጎረቤቱንም ልጅ ያስቆጥራል። ስለዚህ አንደኛው ቀን ያለ ቅጽ ይሁን። ከቀበሌ አስተዳደሩና ከዋሽኮው (ተቋሙን ከሚያስተዳድረው የተጠቃሚዎች የውሃ ኮሚቴ) ጋር ትውውቅ፣ በተቋሙ ዙሪያ መዘዋወር፣ "ገንዘብም ፓምፕም አናመጣም፤ ውጤቱን ግን ተመልሰን እንነግራችኋለን" ብሎ በግልጽ መናገር። ከዚያ ዋሽኮው ራሱ የሚያስጨንቀውን አንድ ጥያቄ ይስጥ። ያ ጥያቄ የቡድኑ ሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ ይሆናል።

አባል (ውሃ ምሕንድስና)
የቴክኒኩን ክፍል እንዲህ ብጽፈውስ?

ሁለተኛ ቀን፣ የንጽሕና ፍተሻ። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ፓምፕ ቅጽ አሥር "አዎ/አይደለም" ጥያቄ ነው። በ10 ሜትር ውስጥ መጸዳጃ አለ? ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነው? የሲሚንቶው ወለል ተሰንጥቋል? ውሃ ያቁራል? አጥሩ ፈርሷል? ፓምፑ ከወለሉ ላይ ይነቃነቃል? "አዎ" በበዛ ቁጥር ስጋቱ ይበዛል። ሁለት ተማሪ ሳይተያይ ይሙላና ያነጻጽር፤ ከሁለት ጥያቄ በላይ ከተለያዩ ተመልሰው አብረው ያያሉ።

ቀጥሎ ፓምፑ። አፍሪዴቭ ለሚባለው የእጅ ፓምፕ ሁለት ፈተና ይበቃል። የመጀመሪያው የማፍሰስ ፈተና ነው፤ ውሃ እየወጣ ሳለ ፓምፑን አቁሞ 30 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ውሃ እስኪወጣ ስንት ጊዜ እጀታው እንደተመታ መቁጠር። ከአምስት በላይ ከሆነ ፉት ቫልቩ (ከታች ያለው መክደኛ) ወይም ኦሪንጉ (የጎማ ቀለበቱ) ያፈሳል። ሁለተኛው የመጠን ፈተና ነው፤ በአንድ ደቂቃ 40 ሙሉ ምት መትቶ የወጣውን በባልዲ መለካት፣ ከ10 ሊትር ካነሰ ዩሲሉን (የፒስተኑን ጎማ) መጠርጠር። ግማሽ ምት የሚመታ ተማሪ ደህናውን ፓምፕ "የተበላሸ" ብሎ ይመዘግባል፤ እጀታው ከላይ እስከ ታች መድረስ አለበት።

ከባዱ 30ው ደቂቃ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ጀሪካን ተሰልፎ እያለ ፓምፕ ማቆም ጠብ ያስነሳል። ገና ሳይከፈት እንለካ እንዳይባል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ስለሆነ የ30 ደቂቃ ፈተና አይሆንም። ሰልፉ ሲሳሳ፣ ወደ 5 ሰዓት ገደማ፣ ከጠባቂው ጋር ተነጋግሮ ቢሆን ይሻላል።

ተማሪ ፓምፕ አይፈታም፤ ይህ በደማቅ ይጻፍልኝ። ዘንጉ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ያ ቀበሌ ለወራት ውሃ ሊያጣ ይችላል። ብልሽት ሲገኝ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ቴክኒሻን በዕለቱ ይደወላል።

አስተባባሪ
የናሙናውን ልጨምር። 32 ተቋም፣ ከእያንዳንዱ አንድ ከምንጩና አንድ ከአንድ ቤት፣ በሁለት ዙር 128 ኤችቱኤስ የሚባል የውሃ ብክለት መመርመሪያ ጠርሙስ። ለቁጥጥር በተፈላና በቀዘቀዘ ውሃ የሚሞሉ 13 ስንጨምር 141፤ 150 እንዘዝ። ውሃው በ24 እና በ48 ሰዓት ይታያል፤ ከጠቆረ የሰገራ ብክለት ሳይኖር አይቀርም ማለት ነው፤ ስንት እንደሆነ አይናገርም። ከቤት ሲቀዳ ተማሪው ራሱ አይቅዳ፤ እናትየዋ ለልጇ ስታጠጣ እንደምትቀዳው ትቅዳለት። ምንጩ ጠርቶ የቤቱ ከጠቆረ ችግሩ ከጉድጓዱ በኋላ ነው፤ ጀሪካኑ ወይም መቅጃው ላይ። ያኔ ስለ ፓምፕ አውርቶ መመለስ ከንቱ ነው።

አባል (ሕግ)
ሁለት ነገር። ቤት ለቤት በሚሞላው ቅጽ ላይ የአባወራ ወይም የእማወራ ስም አይጻፍ፤ የቤቱ መለያ ቁጥር ብቻ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ "ለትምህርት ነው" ማለት ብቻውን አያድንም። ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያያይዘው ዝርዝር ከተቆጣጣሪው መምህር እጅ አይውጣ። ጀሪካን የተሸከመች ልጅ ፎቶ የሪፖርቱ ሽፋን ላይ እንዳይወጣም አደራ።

የዋሽኮውን መተዳደሪያ ደንብ በተመለከተ፣ ተማሪው አዲስ ደንብ አርቅቆ አይስጥ። ያለውን ያንብብ፣ ከሌለ በቃል የሚሠራበትን ይመዝግብ፤ ማን ይቀጣል፣ ማን ምሕረት ያገኛል፣ አቅመ ደካማ ይከፍላል ወይ? ከዚያ ክፍተቱን ለኮሚቴው ያሳይ።

አባል (አካውንቲንግ)
"ኦዲት" የሚለው ቃል ከረቂቁ ይውጣ እባካችሁ። የዋሽኮው ገንዘብ ያዧ ቃሉን ስትሰማ መዝገቡን ትደብቃለች፤ ቢኖርም "ጠፋ" ትላለች። "ገቢና ወጪ አብሮ ማስተካከል" እንበለው። ተማሪው የ12 ወር መዋጮና ወጪ ከደረሰኝ ጋር ያመሳክራል። ደረሰኝ የሌለውን "ያልተደገፈ" ብሎ ለብቻው ያስቀምጣል እንጂ "የጎደለ" አይልም። ትቶላት የሚሄደው አንድ ደብተር ነው፤ ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ አምስት ዓምድ። ስድስተኛ ዓምድ የጨመረ ደብተር ሲሞላ አይተን አናውቅም።

አባል (ሕብረተሰብ ጤና)
ቋንቋስ? ተማሪው ከየአገሩ ተመድቦ የመጣ ነው። በየቡድኑ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ ይህ በዕጣ አይገኝም፣ በምደባው ቀን እያየን እንሥራው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን በአስተርጓሚነት አንጠቀም። እሷ ባለችበት "መጸዳጃ የለኝም" የሚል ቤት ጥቂት ነው፤ እየመጣች የምትገመግመው እሷ ናትና።

አባል (ሥርዓተ ትምህርት)
40ውን እንዲህ ብከፍለውስ? የመስክ ቅጽ ጥራት 10፣ የቡድን ሪፖርት 10፣ የግል ማሰላሰያ ጽሑፍ 10፣ ርክክብ 10። ማሰላሰያው ሁለት ጊዜ፣ አንድ ገጽ ገጽ፤ "ብዙ ተማርኩ" የሚል ጽሑፍ ዜሮ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ስትሄድ ምን ይሆናል ብለህ ገምተህ ነበር፣ ምኑ አልሆነም፣ ከኮርስህ የትኛው ሐሳብ ያስረዳዋል?

የርክክቡን 10 ዋሽኮው ይስጥ የሚል አስተያየት በስልክ ደርሶኛል። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይሉኝታ ባለበት አገር ሁሉም አሥር ከአሥር ያገኛል። ይልቅ ተቆጣጣሪው ለኮሚቴው ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፦ ውጤቱን ነገሯችሁ? የነገሯችሁ ምን ነበር? የሰጧችሁ ወረቀት አሁን የት አለ? ወረቀቱ ከተማሪው ቦርሳ ውስጥ ከተገኘ ነጥቡ የለም።

አስተባባሪ
ሁሉንም አስገብቻለሁ። አዲስ ኮርስ የሚለው ወጥቷል፣ 60 ሰዓትና 40 ከመቶ ገብቷል። ስድስቱ የመስክ ቀናት፦ 1 ትውውቅ፣ 2 ፍተሻና ፓምፕ፣ 3 ቤትና ናሙና፣ 4 ሒሳብና ደንብ፣ 5 ሁለተኛ ዙር ናሙና ዝናቡ ከጀመረ በኋላ፣ 6 ርክክብ። የቀበሌዎቹ የገበያ ቀን የተለያየ ስለሆነ ከመርሐ ግብሩ በፊት ዝርዝሩን አምጡልኝ፤ በገበያ ቀን ቤት የሚገኘው ሕፃንና ሽማግሌ ነው። 8 ተቆጣጣሪ ሲጨመር 104 ሰው፣ ሁለት ባለ 60 መቀመጫ አውቶቡስ። ለአምስተኛው ቀን ተለዋጭ ቀን ይዣለሁ፤ ያን ጊዜ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አውቶቡሱም ለምረቃ ዝግጅት የሚጠራበት ወቅት ነው። የትራንስፖርት ክፍሉን ፊርማ ከየካቲት በፊት እናስፈርም።

አባል (ውሃ ምሕንድስና)
በጀቱ ላይ "ባነርና 104 ቲሸርት" የሚል አየሁ። ማን ነው ያስገባው?

አስተባባሪ
ከድሮ ፕሮፖዛል ገልብጬው ነው፤ አውጥቼዋለሁ። በእሱ ፈንታ ሊትሩ የተሰመረበት 16 ባልዲና 16 የሰዓት መቁጠሪያ ገብቷል። ሥራው ሲያልቅ ባልዲዎቹ እዚያው ዋሽኮው ጋ ይቀራሉ፤ የንብረት ክፍሉ "ተመላሽ" ብሎ እንዳይመዘግባቸው ደብዳቤውን ከወዲሁ አዘጋጁልኝ።