ነጭ ስኒከር ታጥቦ ሲደርቅ ለምን ቢጫ ይሆናል?

ጠያቂ፣ ከሳቢያን
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ነጭ የሸራ ስኒከሬን በሳፋ ዘፍዝፌ፣ ብዙ የዱቄት ሳሙናና ትንሽ በረኪና ጨምሬ በብሩሽ ፈተግሁት፤ ቶሎ እንዲደርቅልኝም ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። ሳወርደው ግን እርጥብ ሳለ ወተት ይመስል የነበረው ሸራ በስፌቱ ዙሪያ ቢጫ ሆኖ፣ የቀኝ እግሩም ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፍቶ አገኘሁት። እንደገና ባጥበው ቢጫው ባሰበት። ጥፋቱ የውሃው ነው፣ የሳሙናው ነው ወይስ የፀሐዩ?

መልስ፣ ከከዚራ
ሦስቱም እጃቸው አለበት፤ ዋናው ግን ሳሙናው ይመስለኛል። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት መሆኑን በሻይ ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የተጋገረው ነጭ ነገር ይመሰክራል። ደረቅ የልብስ ሳሙና ከእነዚህ ማዕድናት ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል፤ የዱቄት ሳሙና በዚህ በኩል ቢሻልም፣ ሲበዛ ከወፍራም ሸራ ውስጥ በአንድ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ አይወጣም። ጫማው ሲደርቅ ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ እየተሳበ ስለሚተን፣ የቀረውን ሳሙናና ቆሻሻ ይዞ ይወጣና መጨረሻ በሚደርቁት ቦታዎች፣ ማለትም በስፌቱና በጠርዙ ላይ፣ ጥሎት ይሄዳል። ሁለተኛው እጥበት ያባሰውም በሳሙና ላይ ሳሙና ስለጨመሩ ነው።

አሁን ያለ ምንም ሳሙና፣ ለብ ባለ ውሃ፣ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግመው ያለቅልቁት። በመጨረሻው ውሃ ላይ በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይጨምሩ፤ የተጋገረውን ያሟሟል። በረኪና የነካው ጫማ ግን አስቀድሞ በደንብ መለቅለቅ አለበት፤ አቼቶና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣልና በዚህ ቀልድ የለም። ከዚያ ጫማውን በነጭ ሶፍት ሙሉ በሙሉ ጠቅልለው በጥላ ያድርቁት፤ ቢጫው ሸራው ላይ ሳይሆን ሶፍቱ ላይ ይቀራል።

መልስ፣ ከሐረር
በሳሙናው እስማማለሁ፤ በጥላው ላይ ግን ትንሽ ክርክር አለኝ። እናቶቻችን ነጠላ አጥበው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ይነጣል እንጂ ቢጫ አይሆንም። እርግጥ ነጠላ ስስ ጥጥ ስለሆነ በደንብ ይለቀለቃል፤ ማስቲሽና ጎማም የለበትም። እኛ ከእናንተ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ስለምንኖር፣ በክረምት በጀጎል ጠባብ ግቢ በጥላ የተቀመጠ ጫማ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ይቆይና መሽተት ይጀምራል። ስለዚህ ማሰሪያውንና ውስጡ የሚነጠፈውን አውጥቼ፣ ውስጡን በአሮጌ ነጭ ጨርቅ ጎስጉሼ፣ ጨርቁን በየሁለት ሰዓቱ እየለወጥሁ ለስላሳ የጠዋት ፀሐይ አሳየዋለሁ። ጋዜጣም ውሃ ይመጥጣል፤ ነገር ግን ቀለሙ ነጭ ጫማ ላይ ይታተማል። ድሬዳዋ ያላችሁማ ቬንትሌተር እያላችሁ ጣሪያ መውጣት ምን አስፈለጋችሁ?

መልስ፣ ጫማ ሠሪ ከመጋላ
ልጄ፣ ስለ ሶሉ የሚያነሣልህ ስላጣሁ ነው የጻፍሁት። ሶሉን የያዘው ማስቲሽ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ እኛ ስንለጥፍ ማስቲሹን ቀብተን የምናሞቀውም ለዚሁ ነው። በቀትር እጅ የማያስነካ ቆርቆሮ ላይ እርጥብ ጫማ ስታስቀምጥ የእኛን ሥራ ወደ ኋላ መለስህ ማለት ነው። መዘፍዘፍም አያስፈልግም ነበር፤ ሸራውን በጥርስ ብሩሽ በአረፋ ብቻ ማሸት ይበቃል።

በተከፈተው ቦታ ላይ ሱፐር ግሉ እንዳታደርግበት፤ ደርቆ ድርቅ ስለሚል እግርህ በሚታጠፍበት ቦታ ይሰነጠቃል፣ በላዩም ሌላ ማስቲሽ አይዝም። ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ፣ ማስቲሽ በስሱ ቀብተህ፣ በጣት ሲነካ መጣበቁን ሲያቆም ግጠመውና በኃይል ተጫነው። የጎማው ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ከሆነ ግን እሱ ቆሻሻ አይደለም፤ ጎማው ራሱ በአየርና በብርሃን ብዛት አርጅቷልና በማጠብ አይለቅም።

ጠያቂ፣ ከሳቢያን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት ጊዜ አለቀለቅሁት፤ በአራተኛው እንኳ አረፋ ነበረው። በሶፍት ጠቅልዬ ሌሊቱን ቬንትሌተር ፊት ለፊት አሳደርሁት፤ ጠዋት ስገልጠው ሶፍቱ ቀጭን ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። ስፌቱ ላይ ጥቂት ቢጫ ስለቀረ ዛሬ ማታ አንድ ጊዜ እደግመዋለሁ። ሶሉን ሰፈር ላለ ጫማ ሠሪ እሰጠዋለሁ፤ በብርጭቆ ወረቀቱ በራሴ እጅ አልተማመንሁም።