ጥቆማ፦ ባዳሚንና ዙሪያዋን ለመጎብኘት የት ማረፍ፣ በምን መሄድ፣ የቱን ማስቀደም ይሻላል?

በደቡብ ሕንድ ካርናታካ ግዛት ለትምህርትም ሆነ ለሕክምና መጥታችሁ ጥቂት ትርፍ ቀናት ካገኛችሁ፣ በዋሻ ቤተ መቅደሶቿ የምትታወቀውን ባዳሚን፣ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ከሆነችው ከሃምፒ ጋር ደርባችሁ በአንድ ቀን አትለፏት፤ ሁለት ሌሊት እደሩባት። አብዛኞቹ አስጎብኚ ድርጅቶች ባዳሚን የሚሸጡት ለሃምፒ ቅርብ ከሆነችው ከሆስፔት ከተማ ደርሶ መልስ አድርገው ነው። መንገዱ ለመሄድ ብቻ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ፣ እንግዳው የሚደርሰው ድንጋዩ በግሎ በሚፋጅበት በእኩለ ቀን ሲሆን፣ የሚመለሰው ደግሞ ገደሉ በማታ ፀሐይ መቅላት ከመጀመሩ በፊት ነው። ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም ከ6ኛው እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን የቻሉክያ ነገሥታት መዲና ስለነበረች፣ በዙሪያዋ ያለው ቅርስ በሩጫ የሚታይ አይደለም።

ከግዛቱ ዋና ከተማ ከቤንጋሉሩ ለሚነሣ ሰው ከሁሉም የሚመቸው ጎል ጉምባዝ ኤክስፕረስ የተባለው የሌሊት ባቡር ነው፤ በሁብሊ በኩል አድርጎ ባዳሚ ያደርሳል። ጣቢያው ከከተማዋ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ከዚያ ባጃጅ መያዝ ያስፈልጋል። በአውሮፕላን መሄድ የሚፈልግ ሁብሊ ወርዶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መጓዝ ይኖርበታል፤ ይህን የምመክረው ሌሊት በባቡር መተኛት ለማይችል ሰው ብቻ ነው።

ማረፊያን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። በአውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ የሚገኙት ርካሽ አልጋ ቤቶች ለዋሻዎቹም ለምግብ ቤቶቹም ቅርብ ናቸው፤ ነገር ግን የመኪና ጥሩምባ ስለማይለያቸው ከኋላ በኩል ያለ ክፍል መጠየቅ ይሻላል። የግዛቱ ቱሪዝም ኮርፖሬሽን የሚያስተዳድረው ማዩራ ቻሉክያ ሆቴልና ሌሎቹ መካከለኛ ሆቴሎች ደግሞ ቤተሰብና አዛውንት ይዞ ለሚመጣ ሰው ይመረጣሉ። በሕንድ ሕግ ማንኛውም ማረፊያ የውጭ አገር እንግዳን ለመንግሥት የማስመዝገብ ግዴታ አለበት፤ ይህን ሥራ የማይፈልጉ ትንንሽ አልጋ ቤቶች የውጭ ፓስፖርት ሲያዩ ክፍል የለንም ሊሉ ስለሚችሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የውጭ ዜጋ ያስተናግዱ እንደሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ዋሻዎቹንና ሐይቁን በእግር መጎብኘት ይቻላል። በዙሪያዋ ወዳሉት የቤተ መቅደስ ስፍራዎች፣ ወደ ማሃኩታ፣ ፓታዳካል እና አይሆሌ ለመሄድ ግን የሕዝብ አውቶቡስ፣ ኮንትራት ባጃጅ ወይም መኪና መምረጥ ያስፈልጋል። አውቶቡሱ እጅግ ርካሽ ነው፤ ሆኖም ሦስቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ለማዳረስ አያመችም። አይሆሌ ከባዳሚ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ፣ በባጃጅ ደርሶ መመለስ ለሁለት ወጣቶች ይቻላል፤ ለሦስትና ለአራት ሰው ግን ወጪውን ተካፍሎ መኪና መከራየት ወገብንም ጊዜንም ያድናል። ዋጋውን ስትነጋገሩ የቦታዎቹን ስም አንድ በአንድ ጥሩና፣ ሾፌሩ በየቦታው የሚጠብቅበት ሰዓትም በዋጋው ውስጥ መካተቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

የመጀመሪያውን ጠዋት ለዋሻዎቹ ስጡ። አራቱም ከቀይ አሸዋ ድንጋይ ገደል ወደ ውስጥ እየተፈለፈሉ የተሠሩ ሲሆኑ፣ እንደ ላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ በዙሪያቸው ተቆፍረው ከመሬቱ የተለዩ አይደሉም። የመጀመሪያው የሂንዱው አምላክ የሺቫ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሌላው የሂንዱ አምላክ የቪሽኑ፣ አራተኛው ደግሞ ጃይን የተባለው ጥንታዊ የሕንድ እምነት ነው። በመጀመሪያው ዋሻ መግቢያ ላይ ባለ 18 ክንዱ ሺቫ ሲጨፍር ተቀርጿል፤ ከእጆቹ አንድ ጥንድ መርጣችሁ ሌሎቹን በሐሳባችሁ ብትሸፍኗቸው አንድ የውዝዋዜ አቋም ይወጣል፤ ሌላ ጥንድ ብትወስዱ ደግሞ ሌላ አቋም ታያላችሁ። አጠገቡ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሻና ከበሮ መቺው አብረውት አሉ። ሦስተኛው ዋሻ ከሁሉም ትልቁ ነው፤ በ578 ዓመተ ምሕረት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በቻሉክያው ልዑል በማንጋሌሻ የተጻፈ ጽሑፍ ስላለው ዘመኑ በእርግጥ ይታወቃል። ቪሽኑ በተጠቀለለ እባብ ላይ የተቀመጠበት ትልቅ ቅርጽ የሚገኘውም እዚሁ ነው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ በመግቢያው ላይ ስለሚገኝ ለዚህ ቦታ ገንዘባችሁን አትሰስቱ፤ ቅርጾቹ የሚተርኩትን ታሪክ የማያውቅ ሰው የሚያየው ያማረ ድንጋይ ብቻ ነው። ዝንጀሮዎቹ የምግብ ሽታ ያለውን ፌስታል ከእጅ ስለሚነጥቁ፣ ሙዝም ሆነ ብስኩት ይዛችሁ አትውጡ።

ከሰዓት በኋላ የአጋስትያ ሐይቅን ዳር ይዛችሁ በምሥራቅ ጫፍ ወዳለው የቡታናታ ቤተ መቅደስ ሂዱ። ደረጃው ላይ ተቀምጣችሁ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆዩ፤ በእኔ ግምት በባዳሚ ከዚህ የሚበልጥ ሰዓት የለም፤ ክፍያም አይጠይቅም። በክረምት ለሚመጣ ሰው ደግሞ ታላቅና ታናሽ እኅት የሚል ስም ያላቸው የአካ ታንጊ ፏፏቴዎች ከገደሉ ሲወርዱ ይታያሉ፤ በበጋ ግን ደረቅ ዐለት ስለሆኑ ለእነሱ ብላችሁ አትምጡ። በእግር መሄድ የሚወድ ሰው ሲድላፓዲ የሚባለውን የተፈጥሮ ዐለት ቅስትና የቅድመ ታሪክ ሥዕሎቹን ቢያይ ይወደዋል። መንገዱ ቁጥቋጦ የበዛበትና ምልክት የሌለው በመሆኑ የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ አትሞክሩት።

ሁለተኛው ቀን በማሃኩታ ይጀመር። ከምንጭ በሚፈልቅ ውኃ የሚሞላው ገንዳ በዛፎች ጥላ ሥር ስላለ፣ ሕዝቡ ሳይበዛ በጠዋት መድረስ ይመረጣል። ከዚያ ወደ ፓታዳካል እለፉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ስፍራ የሰሜንና የደቡብ ሕንድ የቤተ መቅደስ አሠራር ጎን ለጎን የቆመበት ነው። ትልቁ የቪሩፓክሻ ቤተ መቅደስ ንግሥት ሎካማሃዴቪ ባለቤቷ ዳግማዊ ቪክራማዲትያ በካንቺ የነገሡትን ፓላቫዎች ድል ያደረገበትን ለማሰብ ያሠራችው ነው። አይሆሌ ከመቶ የሚበልጡ ቤተ መቅደሶች ቢኖሯትም በመንደሩ ውስጥ ተበትነዋል። ጊዜ ያጠረው ሰው ጀርባው ክብ የሆነውን የዱርጋን ቤተ መቅደስና ኮረብታው ላይ በሜጉቲ ቤተ መቅደስ ያለውን እ.ኤ.አ. የ634ቱን የድንጋይ ጽሑፍ አይቶ ቢመለስ ይበቃዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ያለማመንታት ፓታዳካልን እመርጣለሁ።

ስለ ሃይማኖት ሥርዓት ለሚጨነቁ አንድ ነገር ልጨምር። ዋሻዎቹ በዋናነት የሚጎበኙ ቅርሶች ናቸው፤ ቪሩፓክሻ፣ ማሃኩታና ከከተማዋ 5 ኪሎ ሜትር የሚርቀው የባናሻንካሪ ቤተ መቅደስ ግን ጸሎት የሚደረስባቸው ናቸው። ጫማ አውልቆ በጨዋ ልብስ መግባት ይበቃል። ካህኑ ግንባር ላይ ቀለም ሊቀባችሁ ቢመጣና ባትፈልጉ፣ ሁለት እጃችሁን ገጥማችሁ በትሕትና እምቢ ብትሉ ቅር የሚለው የለም።

ምግቡ ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንም። ሴቶቹ የማሽላ ሊጡን በመዳፋቸው እየጠፈጠፉ ያሳሱትና በምጣድ ላይ ጥለው፣ እንደበሰለ ከተሞላ ደበርጃን፣ ከለውዝ ዱቄት ማባያና ከጥሬ ሽንኩርት ጋር ያቀርቡታል። ምግብ ቤቶቹ በአብዛኛው ሥጋ ባይሠሩም፣ ቅቤና እርጎ ስለማያጡ የምትጾሙ ሰዎች ገና ስታዝዙ ማስታወቅ አለባችሁ።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን መልካም ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ ሙቀቱ እየከፋ ይሄዳል። በጥር የባናሻንካሪ ዓመታዊ ክብረ በዓል ሲደርስ አልጋ ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ ያዙ። የባዳሚ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ዓርብ ዝግ መሆኑንም ፕሮግራም ስታወጡ አትርሱ።