በሸክም የምንገዛውን ማገዶ በዘላቂነት ሪፖርት እንዴት ላስላው?

ጤና ይስጥልኝ፤ በደብረ ብርሃን ከተማ የመንዝ በግ ፀጉር እየፈተልን ባና እና ምንጣፍ የምንሠራ 14 ሰዎች ነን። በአውሮፓ ያለ ደንበኛችን፣ ኤፍራግ የተባለው አማካሪ ተቋም በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባወጣውና የአውሮፓ ኮሚሽንም በሐምሌ 2025 እንዲሠራበት በመከረው፣ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በተዘጋጀው የፈቃደኝነት የዘላቂነት ሪፖርት (የድርጅቱን የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ የሚገልጽ ሪፖርት) መመዘኛ መሠረት መሠረታዊውን ክፍል ሞልተን እንድንልክለት ጠይቆናል።

ሠራተኞቻችን ከ150 በታች ስለሆኑ የወንድና የሴት የደመወዝ ልዩነትን መተው እንችላለን፤ የመብራቱም ፍጆታ ከቆጣሪ ይነበባል። ያቃተኝ ማገዶው ነው። የማቅለሚያውን ውሃ የምናፈላው በባሕር ዛፍ እንጨት ሲሆን፣ የምንገዛውም ከገጠር ተሸክመው ከሚመጡ እናቶች ያለ ደረሰኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሸክም ብመዝን ሁለቱ 22 እና 27 ኪሎ፣ እርጥቡ ደግሞ 34 ኪሎ ሆነ፤ ቅጹ የሚፈልገው ግን ክብደቱን ሳይሆን የኃይል መጠኑን በሜጋ ዋት ሰዓት ነው።

ከእንጨት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቀጥተኛ ልቀት ተነጥሎ እንደሚገለጽ፣ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ግን በቀጥተኛው ውስጥ እንደሚካተቱ ተረድቻለሁ። የምጠይቀው የእንጨቱን እርጥበት ከሚመዘነው ክብደት ላይ እንዴት እንደምቀንስ፣ ክረምትና በጋን የሚወክል አማካይ ለማግኘት ስንት ሳምንት መመዘን እንዳለብኝ፣ እንዲሁም ሻጮቹ የሚፈርሙበት ተራ ደብተር በማስረጃነት ይበቃ እንደሆነ ነው። በግምት የተሞላ ቁጥር ልኬ ደንበኛውን ማሳሳት አልፈልግም፤ ማገዶ የሚያነድ ድርጅት ሪፖርት ሠርታችሁ የምታውቁ እባካችሁ አሠራራችሁን አካፍሉኝ።