አስቸኳይ! ቬራክሪፕትን ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል አድርጌ የድሮው ሃርድ ዲስኬ አልከፈት አለኝ

ቤዛ፦
እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይድረስልኝ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ አልከፈት ብሎኛል። የመመረቂያ ጽሑፌ ቃለ መጠይቆች በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ያናገርኳቸው ሰዎች ስማቸውም ድምፃቸውም እንደማይወጣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ፤ ኢንክሪፕት አድርጌ የያዝኩትም ለዚህ ነው። ሌላ ቦታ ኮፒ የለም። ነገ ጠዋት ደግሞ ለአማካሪዬ የማሳየው አለ።

ላፕቶፕ ቀይሬ ነው። አዲሱ ላይ ኡቡንቱ ነው ያለው። ዲስክ በፓስወርድ የሚቆልፈውን የቬራክሪፕት ፕሮግራም የመጨረሻ ቨርዥን ከሶርስ ኮዱ ራሴ ኮምፓይል አደረግኩ፣ ማለትም ከተጻፈው ኮድ ፕሮግራሙን ራሴ ገነባሁት። መጀመሪያ ኤረር በኤረር ሆነ፣ በኋላ ግን አለቀና ፕሮግራሙ ተከፈተ። ዲስኩን መርጬ ፓስወርዱን ሳስገባ ግን ወይ ፓስወርዱ ስህተት ነው ወይ ቮልዩሙ (የተቆለፈው የዲስክ ክፍል) ትክክለኛ አይደለም ይለኛል። ፓስወርዱ ትክክል ነው! ባለፈው ሳምንት በድሮው ላፕቶፕ ከፍቼበታለሁ። ኮምፓይል ሲደረግ የጎደለ ነገር ይኖር ይሆን? ምን ላድርግ?

ሮቤል፦
ያዝም ጭነሻል? እሱ አሴምብለር ከሌለ ኮምፓይሉ መሃል ላይ ይቆማል። ፒኬጂ ኮንፊግ፣ የደብሊውኤክስ ዊጄትስ ዴቭ ፓኬጅ፣ የፊውዝ ዴቭ ፓኬጅም ያስፈልጉሻል። ከ1.26 ወዲህ ላሉት ቨርዥኖች ደግሞ የስማርት ካርዱ ፒሲኤስሲ ላይት ዴቭ ፓኬጅ ተጨምሯል። እነሱን ከጫንሽ በኋላ ኤስአርሲ ፎልደር ውስጥ ገብተሽ መጀመሪያ ሜክ ክሊን (የቀድሞውን የሚያጸዳው)፣ ከዚያ ሜክ (እንደ አዲስ የሚገነባው) በይው።

ቤዛ፦
ሮቤል አመሰግናለሁ፣ ግን ኮምፓይሉ አልቋል እኮ። ፕሮግራሙ ይከፈታል። እምቢ ያለው ዲስኩ ነው።

ዳጊ፦
ፓስወርዱን እዚህ ጻፊልንና ሁላችንም እየተጋፋን እንሞክርልሽ 😂

ሰሚራ፦
ዳጊ በቀልድም ቢሆን አትበል፣ የደነገጠ ሰው ያደርገዋል። ቤዝዬ፣ ፓስወርድሽን ለማንም እንዳትሰጪ፣ በውስጥ መስመር አግዝሻለሁ ለሚልሽም ጭምር።

ኪቦርዱን አይተሽዋል? አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሌይአውቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ኪቦርድ የአት ምልክትና የጥቅስ ምልክት ቦታ ይለዋወጣሉ። ፓስወርዱን አሳይ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጊና የምትጽፊውን በዓይንሽ እያየሽ አስገቢ።

ቤዛ፦
አየሁት ሰሚ፣ ፊደል በፊደል ልክ ነው። አሁንም ያው ነው።

ጋሽ ሙሉጌታ፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ይህ ፕሮግራም ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ትሩክሪፕት የሚባል የዲስክ መቆለፊያ ፕሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። ዓለም ሁሉ ሲጠቀምበት ቆይቶ በግንቦት 2014 (እ.ኤ.አ.) አዘጋጆቹ በድንገት አቆምን አሉ። እነማን እንደነበሩም በይፋ አልተናገሩም። ድረ ገጻቸው ላይ ፕሮግራሙን መጠቀም ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም ብለው ወደ ዊንዶውስ የራሱ መቆለፊያ፣ ወደ ቢትሎከር ሂዱ አሉ። ሰው ሁሉ ጀርባ በር (ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ ድብቅ መንገድ) አለው ማለት ነው ብሎ ደነገጠ። በኋላ ኮዱ በባለሙያ ተመረመረ፤ በ2015 የወጣው ሁለተኛው ሪፖርት ሆን ተብሎ የተቀመጠ ጀርባ በር አላገኘም። በዚያው ዓመት ግን በዊንዶውስ ድራይቨሩ ላይ ሁለት ከባድ ክፍተቶች ተገኙ። ትሩክሪፕትን የሚጠግን ስላልነበረ እዚያ እንዳሉ ቀሩ። ቬራክሪፕት ግን ወዲያው ደፈናቸው።

ቬራክሪፕት ከዚሁ ኮድ በ2013 የተቀጠለ ነው። ትልቁ ልዩነት ፓስወርዱን ወደ ቁልፍ የሚቀይርበት መንገድ ላይ ነው። ትሩክሪፕት 1,000 ወይም 2,000 ዙር ነበር የሚያዞረው። ቬራክሪፕት ለተራ ቮልዩም 500,000 ዙር ያዞራል። ፓስወርድ እየገመተ ለሚሰብር ሰው ሥራውን እጅግ ያከብድበታል። ቮልዩም ሲከፈት ትንሽ የሚያዘገየውም ይኸው ነው።

ዳጊ፦
ጋሼ ትምህርቱ ደስ ይላል፣ ልጅቷ ግን ነገ ጠዋት ትፈለጋለች 🙏

አቤል፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ሊኑክስ ላይ ሆነሽ ቬራክሪፕት ለምን? ሉክስ የሚባለው የሊኑክስ ዲስክ መቆለፊያ እኮ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ሉክስ 2 ፓስወርዱን ወደ ቁልፍ ለመቀየር አርጎን 2 አይዲ የሚባል ዘዴ ይጠቀማል፤ ሜሞሪም ስለሚበላ በግራፊክስ ካርድ መስበር ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ራሴ ኮምፓይል አደረግኩ ማለት ብቻውን ደህንነት አይደለም። ሶርስ ኮዱን ስታወርጂ ከአዘጋጆቹ መምጣቱን የሚያሳየውን የፒጂፒ ፊርማውን ካላረጋገጥሽ የማን ኮድ ኮምፓይል እንዳደረግሽ አታውቂም። ኮዱን መስመር በመስመር ካላነበብሽ ደግሞ ፊርማው የተረጋገጠውን የተዘጋጀ ፓኬጅ መጫን ይሻልሻል።

ቤዛ፦
አቤል፣ ዲስኩ ዊንዶውስ ላይም እንዲሠራ ነበር የተፈለገው። ፊርማውን አረጋግጫለሁ። አሁን የምፈልገው ፋይሎቼን ብቻ ነው።

ሮቤል፦
ያዝምን እንደገና ጭነሽ ሜክ ክሊን ብትይው እኮ ምንም አይጎዳም።

ሂሩት፦
ሮቤል፣ ኮምፓይሉ ላይ ችግር ቢኖር ፕሮግራሙ ወይ አይነሳም ወይ ይወድቃል። ትክክለኛ ፓስወርድን ስህተት ነው አይልም። እንደ ቬራክሪፕት ያለ ፕሮግራም ስልተ ቀመሮቹን በሚታወቁ ናሙናዎች ራሱ ይፈትሻል። እሱን እንተወው።

ቤዛ፣ ከሁሉ በፊት ዲስኩ ላይ ምንም ነገር እንዳትጽፊ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርገው ወይም ኢኒሻላይዝ ላድርገው ቢልሽ እምቢ በይ። ኢንክሪፕት የተደረገ ዲስክ ለሲስተሙ ባዶ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ዳታውን የሚያጣው እዚያች ጥያቄ ላይ ነው እንጂ በፓስወርድ አይደለም።

አሁን እነዚህን መልሺልኝ። ቮልዩሙ ሲፈጠር በየትኛው ፕሮግራም ነበር? መቼ? ሙሉ ዲስኩ ነው፣ አንድ ፓርቲሽን ነው፣ ወይስ እንደ ፋይል የተቀመጠ ነው? ኪ ፋይል (ከፓስወርዱ ጋር አብሮ የሚሰጥ ፋይል) ወይም ፒም (የዙሩን ብዛት የሚወስን ቁጥር) ነበረው? በድሮው ላፕቶፕ ስትከፍቺው ከፓስወርዱ ሌላ የምትነኪው ነገር ነበር?

ቤዛ፦
የፈጠረው ወንድሜ ነው፣ ድሮ ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ ለራሱ ነበር የገዛው። እኔ የወሰድኩት በኋላ ነው። ፓርቲሽን ይመስለኛል። ኪ ፋይል የለውም፣ ፒም የሚባለውን አላውቀውም።

የምነካው ካልሽኝ፣ ከፓስወርዱ ስር ትሩክሪፕት ሞድ የምትል ሳጥን አለች፣ ወንድሜ ሁሌ እሷ ላይ ምልክት አድርጊ ስላለኝ አደርጋለሁ። አዲሱ ላይ ሳጥኗ የለችም፣ ዲዛይኑን ቀይረውት መስሎኝ ነበር። ለውጥ አለው እንዴ?

ሂሩት፦
ተገኘ! ነገሩ በሙሉ እሱ ነው እህቴ። ተረጋጊ፣ ዲስክሽ ደህና ይመስላል።

ቮልዩምሽ የቬራክሪፕት አይደለም፣ የትሩክሪፕት ነው። ቬራክሪፕት እስከ 1.25.9 ድረስ የትሩክሪፕት ቮልዩም ይከፍት ነበር፣ በዚያች ሳጥን በኩል። ከ1.26 ጀምሮ ሳጥኗም፣ ከኋላዋ ያለው ኮድም ወጥቷል። አብሮም ራይፕኤምዲ 160 የሚባለው ሃሽ (ፓስወርዱ ወደ ቁልፍ ሲቀየር የሚሠራበት ስሌት) ተወግዷል። ትሩክሪፕት ደግሞ ቮልዩም ሲፈጥር ሳትነኪው በራሱ የሚመርጠው ሃሽ እሱን ነበር። አዲሱ ፕሮግራም በማያውቀው መንገድ የተቆለፈን ቮልዩም ከተሳሳተ ፓስወርድ የሚለይበት መንገድ የለውም፣ ለሱ ሁለቱም ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ነው። ለዚህ ነው ፓስወርድሽን የሚጠረጥርብሽ።

ለዛሬ ማታ ምንም ኮምፓይል አያስፈልግሽም። ክሪፕትሴትአፕ ይበቃሻል፣ ሉክስን የሚከፍተው ራሱ ፕሮግራም ማለት ነው። ኡቡንቱሽ ላይ ከሌለ በአፕት ይጫናል። የትሩክሪፕትንም የቬራክሪፕትንም ቮልዩም ይከፍታል፣ መፍጠር ብቻ ነው የማይችለው።

መጀመሪያ የዲስኩን ስም ዲስኮችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ፣ በኤልኤስቢኤልኬ እዪ። በመጠኑ ትለዪዋለሽ። ከስሙ ሥር ቁጥር ያለው ፓርቲሽን ካለ መክፈት ያለብሽ ፓርቲሽኑን ነው፣ ሙሉ ዲስኩን አይደለም። ከዚያ በሱዶ ክሪፕትሴትአፕ ኦፕን ትያለሽ፣ ታይፕ በሚለው አማራጭ ቲክሪፕት ትሰጪዋለሽ፣ ሪድኦንሊ (ለማንበብ ብቻ) የሚለውን ትጨምሪያለሽ፣ ከዚያ የፓርቲሽኑን አድራሻ፣ መጨረሻ ላይ የፈለግሽውን ስም፣ ለምሳሌ ቴሲስ። ሪድኦንሊን እንዳትረሺው፣ በስህተት እንኳ ምንም እንዳይጻፍበት የሚጠብቅሽ እሱ ነው። ፓስወርድ ሲጠይቅሽ ስትጽፊ ምንም አይታይም፣ ዝም ብለሽ ጽፈሽ ኢንተር በይ። ከተቀበለሽ ዴቭ ማፐር ሥር በሰጠሽው ስም ይመጣል። እሱን ባዶ ፎልደር ላይ ሪድኦንሊ አድርገሽ ማውንት ታደርጊዋለሽ፣ ፋይሎቹ እዚያ ፎልደር ውስጥ ይታዩሻል ማለት ነው።

ሰሚራ፦
ሂሩትዬ እጅሽ ይባረክ። ቤዛ፣ ማውንት እንደሆነ ከምንም በፊት ኮፒ አድርጊ። የምትገለብጪበትም ዲስክ ኢንክሪፕት የተደረገ ይሁን፣ ለሰዎቹ የገባሽው ቃል አለ።

አቤል፦
ከክሪፕትሴትአፕ ይልቅ 1.25.9ን አውርዳ ኮምፓይል ብታደርግ አይሻልም? የለመደችው መስኮት ይመጣላታል። ትሩክሪፕት ሞድ ላይ ምልክት አድርጋ ፓስወርድ ቀይር የሚለውን ብትጫን ደግሞ ሄደሩ (ቁልፉን የያዘው የቮልዩሙ መጀመሪያ) ወደ ቬራክሪፕት ይቀየራል። ዳታው እንደገና ኢንክሪፕት ስለማይደረግ ቶሎ ያልቃል። ሃሹን ወደ ሻ 512 መቀየር ብቻ እንዳትረሳ።

ሂሩት፦
ያልከው ትክክል ነው፣ ይሠራል። እኔ ግን ዛሬ አልመክራትም። ሄደር መቀየር ማለት ዲስኩ ላይ መጻፍ ነው፣ እሷ ደግሞ ሁለተኛ ኮፒ የላትም። መሃል ላይ ገመዱ ቢነቀል ወይም መብራት ቢጠፋ ዋናው ቁልፍ ያለበት ቦታ ነው የሚጎዳው። ፋይሎቹ ሌላ ቦታ ከተቀመጡ በኋላ የፈለገችውን ታድርግ። ያኔም ቢሆን አዲስ ቮልዩም ፈጥራ መገልበጥ ይሻላታል፣ የድሮው ቁልፍ አብሯት አይቀጥልም።

1.25.9ን ኮምፓይል ማድረግ ለሚፈልግ፣ ቮልዩሙን ማውንት ለማድረግ የሚጠቀምበትን ፊውዝ 2ን ነው የሚፈልገው፣ የፊውዝ 3 ዴቭ ፓኬጅ አይሆንለትም። መስኮቱ ካላስፈለገው ኖጂዩአይ እኩል 1 ብሎ ሜክ ቢያደርገው ተርሚናል ላይ ብቻ የሚሠራው ይወጣለታል።

ቤዛ፦
ሂሩትዬ ዘመንሽ ይባረክ! ክሪፕትሴትአፕ አለ። በኤልኤስቢኤልኬም አየሁት፣ ከስሙ ሥር ቁጥር 1 ያለው አለ። እኔ በቬራክሪፕት የመረጥኩት ግን ቁጥር የሌለውን ነበር መሰለኝ። አሁን ፓርቲሽኑን ሰጥቼው ፓስወርዱን አስገባሁ፣ ምንም ሳይል ዝም ብሎ ወደ መስመሩ ተመለሰ። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?

ሂሩት፦
ጥሩ ነው! ሊኑክስ ላይ ዝም ካለ ተሳክቷል ማለት ነው። ባይቀበልሽ ኖሮ ይነግርሽ ነበር። አሁን ማውንቱ ብቻ ነው የቀረው። ወንድምሽ ለዊንዶውስም ብሎ ከሆነ የፈጠረው ፋይል ሲስተሙ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ሳይሆን አይቀርም፣ ኡቡንቱ ያነበዋል።

ማውንቱ እምቢ ካለሽ ወይም ፋይሎቹ ተበላሽተው ከታዩሽ ተመለሺ። ትሩክሪፕት ከ6.0 ጀምሮ የሄደሩን መጠባበቂያ በቮልዩሙ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ክሪፕትሴትአፕም ቲክሪፕት ባክአፕ በሚለው አማራጭ ከዚያ ያነባል። ግን የፊተኛው ሄደር ስለተከፈተልሽ የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም።

ስትጨርሺ መጀመሪያ አንማውንት፣ ከዚያ ክሪፕትሴትአፕ ክሎዝ። ገመዱን እንዲሁ እንዳትነቅይው።

ጋሽ ሙሉጌታ፦
ጎበዝ ልጆች። ቤዛ ልጄ፣ ነገ ይቅናሽ።

ዳጊ፦
ቤዛ ገልብጠሽ ጨረስሽ? አንድ ቃል በይን እንጂ፣ እንቅልፍ አልወስድ አለን 😅

ሮቤል፦
ያዝም ነው ስል ነበር፣ ግን ይሁን። ከሂሩት ተምሬያለሁ።

ያሬድ፦
ይቅርታ በሷ ጥያቄ መሃል ልግባ። እኔም ልክ እንደዚህ የትሩክሪፕት ቮልዩም አለኝ፣ ግን ማክ ላይ ነኝ፣ ኤም 1። ክሪፕትሴትአፕ እዚያ የለም። ቬራክሪፕት 1.26 ነው የጫንኩት። ምን ላድርግ?

ሂሩት፦
ያሬድ፣ ያለህን አጥፋና 1.25.9ን ጫን፣ ኤም 1ን ይደግፋል። ማክፊውዝም (የፊውዝ የማክ ዓይነት) ያስፈልገዋል። ስትከፍት ትሩክሪፕት ሞድ ላይ ምልክት አድርግ፣ ሪድ ኦንሊንም ጨምርበት። የሚከፍተው በትሩክሪፕት 6 እና 7 የተፈጠሩትን ብቻ ነው። የአንተ ከዚያ ይቀድማል?

ያሬድ፦
በ7.1ኤ ነው የተፈጠረው።

ሂሩት፦
እንግዲያው ይከፈታል። መጀመሪያ ገልብጥ፣ ከዚያ 1.26ን መልሰህ ጭነህ በሱ አዲስ ቮልዩም ፍጠር።