የኮሌጃችንን ሰዎች በምን መዝነን እንሸልም? ምክራችሁን እሻለሁ

ሰላም ወገኖች። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሰልጣኝ ነኝ። ዘንድሮ በምረቃው ዕለት ጎበዝ አሰልጣኞችንና ሠራተኞችን እንድንሸልም ኮሚቴ ተቋቁሟል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ግን ገና ከመነሻው ተቸግሬያለሁ።

ችግሩ መመዘኛው ነው። የሥራ አፈጻጸም ውጤት እንይ ብንል የሁሉም ከ90 በላይ ነው፤ ማንንም ከማንም አይለይም። ሠልጣኞቻቸው ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያለፉላቸው ይመረጡ ቢባል ደግሞ ሒሳብ አያያዝና ብየዳ እኩል አይታዩም። ብየዳ ላይ ኤሌክትሮድ ካለቀ ወይም መብራት ከጠፋ ልምምዱ ይቆማል። አሰልጣኙ ምን ያድርግ?

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛችን ናቸው። የተበላሸውን መሣሪያ ለይተው፣ መዝግበው፣ ተሯሩጠው ያስጠግናሉ። ወርክሾፑ የቆመው በእሳቸው ነው ብል አላጋነንኩም። ግን የሚያስመዝኑት ሠልጣኝ የላቸውም። በየትኛው ነጥብ ላስገባቸው? መስከረም 25 የዓለም መምህራን ቀን ሲከበርም ቀኑ የመምህራን ነው፤ እሳቸውን የሚያነሳ የለም።

በጀቱ ከምስክር ወረቀትና ከአንድ አንድ ጋቢ አያልፍም። ስለዚህ ምርጫው ራሱ ክብር እንዲሆንላቸው እፈልጋለሁ።

እናንተ ጋ እንዴት ነው? ባልደረቦች በምስጢር ድምፅ ይሰጣሉ? ሠልጣኞችስ ይጠየቃሉ? አሰልጣኝና የአስተዳደር ሠራተኛ ለየብቻ ነው የሚመረጠው? ሞክራችሁት የሠራ ቅጽ ካላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ። ስብሰባችን ሐሙስ ነው።